መልእክቱ ለማን፣ በስንት ሰከንድ? ስለ ገመድ አልባ ሴንሰሮች የአገልግሎት ጥራት በነታንያ የቀረበ ዲስኩር



የዛሬው ርእሳችን ወረቀት ላይ ሲያዩት ያስፈራል፦ በገመድ አልባ ሴንሰር ኔትወርኮች ውስጥ የአገልግሎት ጥራት። ነገሩ ግን እዚሁ ነታንያ ከደጃፋችን አይርቅም። አዝአካ፣ ማለትም የሮኬት ማስጠንቀቂያው ሲጮህ፣ ወደ ማማድ (በቤት ውስጥ ወዳለው መጠለያ ክፍል) ወይም ወደ ሚክላት (ወደ ጋራ መጠለያው) ለመግባት ያለን ጊዜ 90 ሰከንድ ነው። ሄፍጺባ ሰፈርም እንኑር ኪርያት ኖርዳው፣ ሽማግሌም እንደግፍ ሕፃን እንታቀፍ፣ ሁሉም የሚያልቀው በዚያች ደቂቃ ተኩል ውስጥ ነው። የውሃ ቆጣሪያችን ግን ዛሬ የለካውን ነገ ጠዋት ቢናገር ማንም አይጎዳም። ሁለቱም አንድ መሣሪያ ያየውን ነገር ከሩቅ ለሰው የማድረስ ሥራ ናቸው። አንደኛው ከዘገየ ከንቱ ነው፤ ሌላኛው ቢያድርም ዋጋው አይቀንስም።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። ጥራት መሣሪያው ላይ የሚለጠፍ ቁጥር አይደለም። ጥራት ውል ነው፤ መልእክቱን የሚፈልገው ሰው ምን ማወቅ እንዳለበት፣ በስንት ጊዜ ውስጥ፣ በምን ያህል እርግጠኝነት፣ በምን ወጪ የሚል ውል። መሐንዲሱ ውሉን ለብቻው ጽፎ ለብቻው ከፈረመ ኔትወርኩ ሊሠራ ይችላል፤ ሰውየው ግን አይጠቀምበትም። ዓመቶቹን ስጠራ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው፤ እዚህ የምንኖርበት ስለሆነ።

በመጀመሪያ መሣሪያውን እንወቀው። በ1990ዎቹ መጨረሻ በካሊፎርኒያ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ክሪስ ፒስተር የተባሉ መምህርና ባልደረቦቻቸው «ብልህ አቧራ» የሚል ስም ያለው ጥናት ጀመሩ። ሐሳቡ ሙቀትን፣ ብርሃንን ወይም ንዝረትን የሚለካ፣ የለካውን የሚያሰላና በገመድ አልባ መንገድ የሚናገር እጅግ ትንሽ መሣሪያ መሥራት ነበር። ከዚያ ወዲህ በየመስኩ የተሰማሩት መሣሪያዎች አቧራ አላከሉም፤ ብዙዎቹ በመዳፍ ይያዛሉ። በውስጣቸው አንድ መለኪያ፣ አንዲት አነስተኛ ኮምፒውተር፣ አንድ ሬዲዮና አንድ ባትሪ አለ። ከእነዚህ አራቱ የሁሉም ጌታ ባትሪው ነው።

እነዚህ መሣሪያዎች እንዴት እንደሚነጋገሩ ለማስረዳት ከጎንደር ተራሮች የተሻለ ቦታ አላገኘሁም። ትልልቆቹ ታስታውሳላችሁ። ሰው ሲሞት ወይም ከብት ሲጠፋ አንዱ ከወዲህኛው አፋፍ ሆኖ ይጣራል። ከወዲያኛው ጋራ ያለው ይሰማና ወደ ቀጣዩ ያሻግረዋል፤ እንዲህ እየተቀባበሉ ወሬው ከደጋ ቆላ ይወርዳል። ሴንሰሮችም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። ሬዲዮ ገላጣ ቦታ ላይ እንኳ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን የሚጠይቀው ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል፤ ዛፍና ግንብ ካለበትም ይብሳል። ስለዚህ አንዱ ሴንሰር እስከ መጨረሻው ጣቢያ ድረስ ከሚጮህ ለጎረቤቱ ቢናገር፣ ጎረቤቱም ለጎረቤቱ ቢያሻግር ባትሪ ይቆጥባል።

ቅብብሉ ግን የራሱ ችግር አለው። ለመንደሩ ቅርብ የሆነው ተጣሪ የራሱን ወሬ ብቻ አይደለም የሚያሻግረው፤ ከኋላው ያለው አገር ሁሉ በእሱ በኩል ነው የሚያልፈው። ጉሮሮው መጀመሪያ የሚዘጋው የእሱ ነው። በሴንሰር ኔትወርክም ከመሰብሰቢያው ጣቢያ አጠገብ ያሉት መሣሪያዎች ባትሪያቸውን ቀድመው ይጨርሳሉ። እነሱ ሲጠፉ ከኋላ ያሉት በሙሉ ጤና እየለኩ የሚሰማቸው ያጣሉ። ይህን ለማስታገሥ በ2000 ዌንዲ ሃይንዘልማን፣ አናንታ ቻንድራካሳንና ሃሪ ባላክሪሽናን በኤም አይ ቲ «ሊች» የሚባል ዘዴ አቀረቡ። በዚህ ዘዴ መሣሪያዎቹ በቡድን በቡድን ይሆናሉ፤ የቡድኑን መልእክት የመሰብሰቡና የማድረሱ ከባድ ሥራም በአንዱ ላይ ብቻ እንዳይወድቅ አለቅነቱ በተራ ይዞራል። ዘዴው እስከ ዛሬ በየዩኒቨርሲቲው ይማሩታል።

አሁን ወደ ባትሪው ሂሳብ እንግባ፤ ወጣቶች ልትከተሉኝ ትችላላችሁ። በዘርፉ ምርምር ለዓመታት ሲሠራበት የኖረ ሲሲ 2420 የሚባል የሬዲዮ ቺፕ አለ። በሙሉ ኃይሉ ሲናገር 17.4 ሚሊአምፔር ይወስዳል። ሲያዳምጥስ? 18.8። ማዳመጥ ከመናገር ይበልጣል ማለት ነው። ማንም ባይጠራው እንኳ ጆሮውን አቅንቶ መቆየቱ ብቻ ባትሪውን ይበላዋል። ሁለት ተራ የባትሪ ድንጋዮች 2500 ሚሊአምፔር ሰዓት ይይዛሉ ብንልና መሣሪያው ወደ 20 ሚሊአምፔር እየወሰደ ያለ እንቅልፍ ቢሠራ፣ በ125 ሰዓት ያልቃል። አምስት ቀን ከአምስት ሰዓት መሆኑ ነው። በየአምስት ቀኑ ማሳ ውስጥ እየገባ ባትሪ የሚቀይር ገበሬ ደግሞ የለም።

መፍትሔው እንቅልፍ ነው። መሣሪያው በየ100 ሰከንዱ ለአንድ ሰከንድ ብቻ ይንቃ እንበል። በእንቅልፍ ላይ የሚወስደው ከቁጥር የማይገባ ስለሆነ ያው ባትሪ ከአንድ ዓመት ከአራት ወር በላይ ይቆያል። ጥሩ ነው፤ ግን ጎረቤቱ መልእክት ይዞ ሲመጣ ተኝቶ ከተገኘስ? እስኪነቃ እስከ 100 ሰከንድ ድረስ መጠበቅ ሊኖር ነው። መልእክቱ አምስት መሣሪያዎችን የሚያልፍ ከሆነ፣ እንቅልፋቸውም ካልተቀናጀ፣ በክፉ አጋጣሚ ከስምንት ደቂቃ በላይ ይዘገያል። በ90 ሰከንድ ለምንኖር ሰዎች ስምንት ደቂቃ ምን ማለት እንደሆነ አላስረዳም። በጎረቤታችን በኤሜክ ሄፈር ብርቱካን ለሚያጠጣ ገበሬ ግን ስምንት ደቂቃ ምንም አይደለም፤ የአፈር እርጥበት በስምንት ደቂቃ ውስጥ አይለወጥም። መሣሪያው ያው ነው፤ ቅብብሉም ያው። ለአንዱ ጥራት ያለው አገልግሎት ለሌላው አደጋ ነው።

ስለዚህ የዚህ ሙያ ሰዎች ስለ ጥራት ሲከራከሩ በዋነኛነት የሚከራከሩት ስለ አራት ነገር ነው፦ ስለ መዘግየት፣ ስለ መልእክት መጥፋት፣ ስለ መለኪያው እውነተኛነትና ስለ ባትሪ ዕድሜ። አራቱን በአንድ ላይ ማግኘት አይቻልም። ቶሎ ይድረስ ካላችሁ ባትሪ ትከፍላላችሁ። አንድም መልእክት አይጥፋ ካላችሁ ደግሞ ደጋግሞ መላክ ይመጣል፤ ደጋግሞ መላክም ጊዜና ባትሪ ይበላል።

የሴንሰር ኔትወርክ ጥራት ከስልካችን ጥራት የሚለይበት ነጥብም አለ። ስልክ ስንደውል እያንዳንዱ ድምፅ እንዲደርስ እንፈልጋለን፤ የተናገርነው እኛ ብቻ ነንና። በሴንሰር ኔትወርክ ግን አሥር መሣሪያዎች አንድን ነገር በአንድነት ሊያዩ ይችላሉ። የሦስቱ መልእክት ቢጠፋም ሰባቱ እውነቱን ይናገራሉ። እዚህ ጥራት የሚለካው በደረሰው መልእክት ብዛት ሳይሆን፣ የሆነውን ነገር በትክክል በማወቃችን ነው።

ጥራት ካልጠበቅነው ቦታ ሊጎድል እንደሚችል ያሳየ አንድ ሙከራ ደግሞ ልጥቀስ። በ2005 ከሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የተነሡ ተመራማሪዎች በኢኳዶር ሬቬንታዶር በሚባል እሳተ ገሞራ ላይ 16 ሴንሰሮች ተክለው ለ19 ቀናት አዳመጡ። የሚጠበቀው በተራራው ወገብ ላይ ዝናብና አመድ የሚወርድባቸው ትንንሾቹ መሣሪያዎች እንደሚበላሹ ነበር። አብዛኛው የአገልግሎት መቋረጥ የመጣው ግን ከታች፣ ሰዎቹ ከተቀመጡበት፣ መረጃው ከሚሰበሰብበት የመሠረት ጣቢያ ነው፤ መብራት ይጠፋ ነበር። በዚያ ላይ አንድ የሶፍትዌር ስህተት ኔትወርኩን በሙሉ ለሦስት ቀን ዝም አሰኘው። ተራራው ላይ የተተከለውን ሁሉ አጠናክራችሁ መሰብሰቢያውን ከረሳችሁት፣ የጥራቱ ልክ የመሰብሰቢያው ልክ ነው።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስና ሁለት ውሎችን ጎን ለጎን እናስቀምጥ።

የመጀመሪያው የመሬት መንቀጥቀጥ ነው። የእስራኤል ጂኦሎጂ ጥናት ተቋም «ትሩዓ» የሚባል የማስጠንቀቂያ ኔትወርክ ያስተዳድራል። ወደ 120 የሚጠጉ ጣቢያዎች በተለይ የሙት ባሕርን ስምጥና የቀርሜሎስን ስንጥቅ ተከትለው ተተክለዋል፤ ከ2022 ጀምሮም ማስጠንቀቂያው ለሕዝብ ሆኗል። አሠራሩ ቀላል ነው። መሬት ሲሰነጠቅ ሁለት ዓይነት ማዕበል ይነሣል። ፈጣኑ በሰከንድ 6 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል፤ ብዙ አይጎዳም። ዘገምተኛው በሰከንድ 3.5 ኪሎ ሜትር ገደማ ይመጣል፤ ቤት የሚያፈርሰው እሱ ነው። ጣቢያዎቹ የፈጣኑን መምጣት ሰምተው ዘገምተኛው ሳይደርስ ያስጠነቅቃሉ፤ የሬዲዮና የኬብል መልእክት ከሁለቱም ይቀድማልና።

ለነታንያ እናስላው። ከዚህ እስከ ዮርዳኖስ ሸለቆ በቀጥታ 65 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መሬቱ እዚያ ቢሰነጠቅ ጎጂው ማዕበል እኛ ዘንድ ለመድረስ ከ18 እስከ 19 ሰከንድ ይወስድበታል። ከዚህ ላይ ጣቢያዎቹ ለመስማት፣ ማዕከሉ ለማረጋገጥና መልእክቱ ስልካችን እስኪደርስ የሚፈጀው ይቀነሳል። ኔትወርኩ አምስት ሰከንድ ካባከነ ከእድላችን ሩቡን በላው ማለት ነው። ስለዚህ እዚህ እንቅልፍ ብሎ ነገር የለም፤ ጣቢያው ሌት ተቀን ነቅቶ ያዳምጣል፤ የኃይል ወጪውም በውሉ ውስጥ ገብቷል። በዚያው ልክ አንድ ጣቢያ ብቻ ተንቀጠቀጠ ብሎ አገር መቀስቀስ አይቻልም። የከባድ መኪና ወይም የድንጋይ ፍንዳታ ንዝረት ሊሆን ይችላልና ሌሎች ጣቢያዎች መመስከር አለባቸው። ምስክር መጠበቅ ሰከንድ ይበላል፤ ሳይጠብቁ መጮህ ደግሞ ሕዝቡ ሁለተኛ እንዳያምን ያደርጋል። የሐሰት ጥሪ ዋጋ ስንት እንደሆነ የሚያውቀው በሌሊት ሦስት ጊዜ ከነልጆቹ ወደ ሚክላት የወረደ ሰው ነው።

አዲስ አበባ ዘመድ ያለው ብዙ ሰው እዚህ እንዳለ አውቃለሁ። ከመስከረም 2024 ጀምሮ በኢትዮጵያ በፈንታሌና በዶፈን ተራሮች አካባቢ መሬቱ ደጋግሞ ሲንቀጠቀጥ፣ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ቀዬውን ለቅቆ ነበር፤ አዲስ አበባ ያሉ ፎቆችም ሲወዛወዙ ተሰምቷል። ከፈንታሌ እስከ አዲስ አበባ ወደ 130 ኪሎ ሜትር ነው። በዚያው ስሌት ዘገምተኛው ማዕበል ለመድረስ 37 ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል፤ ከነታንያ እጥፍ መሆኑ ነው። ርቀት የሰጠውን ሰከንድ ወደ ሰው ደኅንነት የሚለውጠው ግን ኔትወርክና ውል ነው።

ሁለተኛው ውል የውሃ ቆጣሪ ነው። በብዙ የእስራኤል ከተሞች ቆጣሪዎች አሁን ከሩቅ ይነበባሉ፤ በውስጣቸው ለዓመታት እንዲቆይ የታሰበ ባትሪና ትንሽ ሬዲዮ አለ። ይህ መሣሪያ አብዛኛውን ዕድሜውን ተኝቶ ነው የሚያሳልፈው። ብልህነቱ በፍጥነቱ አይደለም። ሌሊት በስምንትና በአሥር ሰዓት መካከል ሰው ሁሉ ሲተኛ የውሃው ፍሰት ዜሮ መሆን አለበት። ቆጣሪው ከሌሊት ሌሊት ዜሮ ካላየ፣ ወይ የሽንት ቤቱ ታንክ እያፈሰሰ ነው፣ ወይ ከግድግዳ ውስጥ የተሰነጠቀ ቧንቧ አለ። በሁለት ወር አንዴ ሰው መጥቶ ሲያነብ ይህ አይታወቅም ነበር፤ የሚታወቀው ሂሳቡ ሲመጣ ነው። እዚህ ላይ ጥራት ማለት መልእክቱ በሰከንድ መድረሱ ሳይሆን፣ የሌሊቱ ልኬት ሳይዛባ ጠዋት መገኘቱ ነው።

እዚያው ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ሌሊት ውሃ ማንም እንደማይጠቀም የሚያውቅ መሣሪያ፣ ለሳምንት ቤት እንዳልነበራችሁም ያውቃል። ስለዚህ መልእክቱ ተመስጥሮ መላኩ፣ ማን እንደሚያየውና ለምን ያህል ጊዜ እንደሚቀመጥ የጥራቱ አንድ ክፍል እንጂ ተጨማሪ ጌጥ አይደለም።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ለእኔ ከሁሉ የሚከብደው ጥያቄ ነው፦ ሴንሰሩ ዝም ሲል ምን እያለ ነው?

ወደ አፋር እንሂድ። ባለፉት አሥር ዓመታት በአፋርና በሰሜን ኬንያ ቆላማ ቦታዎች በጥልቅ ጉድጓድ ፓምፖች ላይ ሴንሰሮች ተተከሉ፤ በ2019 በወጣ ጥናት ከ200 በላይ የውሃ ነጥቦች ተካተዋል። መሣሪያው ፓምፑ የሚወስደውን ኤሌክትሪክ ይለካና ስንት ሰዓት እንደሠራ በሞባይል ኔትወርክ ወይም በሳተላይት ይልካል። ከወረዳ ከተማ ብዙ ሰዓት በመኪና ለሚያስኬድ ጉድጓድ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ቀድሞ ፓምፑ መበላሸቱ የሚታወቀው አርብቶ አደሩ በእግሩ መጥቶ ሲናገር ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት ከአንድ ጉድጓድ «ዛሬ ፓምፑ አልሠራም» የሚል ቁጥር መጣ እንበል። ሜካኒክ እንላክ? ሊሆን ይችላል፤ ፓምፑ ተቃጥሎ ይሆናል። ግን ትናንት ዘንቦ ከሆነስ? ዝናብ ሲጥል ሰውም ከብትም ወደ ኩሬና ወደ ወንዝ ይሄዳል፤ ጥናቱም ያሳየው ይህንኑ ነው፤ ዝናብ ሲበዛ የጉድጓድ ውሃ ፍላጎት ይቀንሳል፣ ድርቅ ሲጠና ይጨምራል። ስለዚህ ፓምፑ ደህና ነው፤ ፈላጊ ነው ያጣው። ቁጥሩ ጨርሶ ካልመጣ ደግሞ ሦስተኛ ነገር አለ፤ ሴንሰሩ ራሱ ሞቷል፣ ወይም ኔትወርኩ የለም። የተበላሸ፣ ያልተፈለገና የሞተ፤ ሦስቱም ከቢሮ ሆኖ ለሚያይ ሰው አንድ ዓይነት ዝምታ ናቸው። ሰው ተጠምቶ እያለ «ዘንቦ ይሆናል» ማለት ከባድ ነው፤ ዘንቦ ሳለ መኪናና ነዳጅ ማባከንም ሌላው ጉድጓድ ሳይጠገን እንዲቀር ያደርጋል።

ዝምታ ወርቅ ነው ይባላል፤ በዚህ ሙያ ግን ዝምታ ዕዳ ነው። ስለዚህ ጥሩ ኔትወርክ ምንም የሚናገረው ባይኖረው እንኳ በተወሰነ ጊዜ «አለሁ» ይላል፤ የባትሪውንም መጠን አብሮ ይልካል። ቀጥሎ የጉድጓዱን ቁጥር ከዝናቡ ልኬት ጋር ያስተያያል። «አለሁ» ማለቱ ባትሪ ይበላል፤ ግን የዝምታውን ትርጉም የሚገዛልን ይህ ወጪ ነው።

ዝናብ ካነሣን፣ የአንዱ ጉድለት ለሌላው መልእክት ሊሆን እንደሚችል የሚያሳይ ሥራ ከነታንያ ብዙ ሳይርቅ፣ በቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ ተሠርቷል። የሞባይል ማማዎች እርስ በርስ በማይክሮዌቭ ይገናኛሉ። ዝናብ ሲጥል ጠብታው ሞገዱን ያዳክመዋል። ለስልክ ኩባንያው ይህ የጥራት መጓደል ነው፤ መሐንዲሶቹም ድክመቱን እየመዘገቡ ያካክሱታል። በ2006 ፕሮፌሰር ሃጊት ሜሰር፣ አርቴም ዚነቪችና ፕሮፌሰር ፒንሃስ አልፐርት በ«ሳይንስ» መጽሔት ላይ ያንን መዝገብ ገልብጠው አነበቡት፤ ሲግናሉ በምን ያህል እንደደከመ ካወቅን ምን ያህል እንደዘነበ እናውቃለን አሉ። አዲስ መሣሪያ አልተከሉም። ለአንዱ ብክነት የነበረው ለሌላው የዝናብ መለኪያ ሆነ። የዝናብ መለኪያ ጣቢያ ጥቂት፣ የሞባይል ማማ ግን ብዙ ለሆነበት እንደ ኢትዮጵያ ላለ አገር ይህ ሐሳብ ትልቅ ዋጋ አለው። ጥራት ውል ነው ያልኩት ለዚህም ነው፤ ጠያቂው ሲለወጥ የጥራቱ ትርጉም ይለወጣል።

ወደ ማጠቃለያዬ ልምጣ። የኔትወርኩ ሥዕል ብዙ ጊዜ የሚያበቃው መሰብሰቢያው ጣቢያ ላይ ነው። እኔ ግን አንድ ቅብብል ይቀራል እላለሁ፤ ከስልኩ ወደ ሰው። ውሃ እያፈሰሰ መሆኑን የሚናገር የዕብራይስጥ መልእክት አማርኛ ብቻ ለምታነብ እናት ስልክ ሲገባ፣ ልጇ ከሥራ እስክትመለስ ድረስ አልደረሰም። መሐንዲሱ መዘግየቱን በሰከንድ ለክቶ ደስ ሊለው ይችላል፤ በዚያ ቤት ግን መዘግየቱ ስምንት ሰዓት ነው። የጥራት መለኪያው ይህን ካልቆጠረ ጎድሏል።

ስለዚህ ቆጣሪ ሊቀየርላችሁ፣ በሕንፃችሁ የጢስ ወይም የጋዝ ጠቋሚ ሊተከል፣ በእርሻ ቦታችሁ ሴንሰር ሊገባ ሲል እነዚህን ጠይቁ። መልእክቱ በየስንት ጊዜው ይመጣል? አደጋ ሲሆንስ ተራውን ሳይጠብቅ ይመጣል? ባትሪው ሲደክም ማን ይነገረዋል? መሣሪያው ዝም ሲል ደህና መሆኑን በምን አውቃለሁ? የሚያየው ማን ነው? በየትኛውስ ቋንቋ ይደርሰኛል? እነዚህን ለመጠየቅ ዲግሪ አያስፈልግም። መልስ የሌለው ሻጭ ውል የሌለው ሻጭ ነው።

ለወጣቶች የምለው ደግሞ ይህ ነው። በነታንያም ሆነ በሌላ ከተማ ኮምፒውተርና ኤሌክትሮኒክስ የምትማሩ ልጆች አሉን። በየኩባንያው የምትሠሩት ሥራ የመጨረሻውን ቅብብል የሚያውቅ ሰው ይፈልጋል። አያታችሁ ማስጠንቀቂያ እንዴት እንደምትሰማ፣ የቆላ አርብቶ አደር ዝናብ ሲጥል ወዴት እንደሚሄድ የምታውቁት እናንተ ናችሁ፤ ይህ እውቀት ፕሮግራም ከመጻፍ እኩል የሙያው አካል ነው። ወደ ውሉ ጠረጴዛ ስትቀርቡ ይዛችሁት ቅረቡ፤ ካልተጠየቃችሁም ተናገሩ።

 አሁን ተራው የእናንተ ነው፤ በአማርኛም በዕብራይስጥም ጠይቁኝ፤ ከትልልቆቹ እንጀምር።